ትርፍ ይስባል፤ እርፉን ማን ይያዝ?

ከባሕር ዳር ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳንግላን አልፎ ወደ እንጅባራ ይጓዝ የነበረ ሰው አዲስ ቅዳም ከተማ ዙሪያ ሲደርስ የሚያየው ነገር የታወቀ ነበር። በየማሳው ጥቅጥቅ ብሎ የቆመ ዛፍ፣ ከዛፉ መሀል የሚጤስ የከሰል ክምር፣ በመንገድ ዳር ተደርድሮ መኪና የሚጠብቅ ጆንያ። ዛፉ አካሽያ ዲከረንስ ይባላል። አርሶ አደሩ በአጭሩ «ዲከረንስ» ይለዋል። የመጣው ከአውስትራሊያ ነው። በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ፋግታ ለኮማ ወረዳ በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ የብዙ ቤተሰብ መተዳደሪያ ሆነ።

ይህን ሁሉ ዛፍ በኮታ ያስተከለ የለም። ዘመቻ ተጠርቶበት፣ ሪፖርት ተጽፎለት የተስፋፋም አይደለም። ያስተከለው ገበያ ነው። አርሶ አደሩ አስልቶ አዋጭ ሆኖ ስላገኘው ተከለ። ጎረቤቱም አይቶ ተከተለው።

ዛሬ «አረንጓዴ ኢንቨስትመንት» እና «የካርቦን ሽያጭ» የሚሉ ቃላት በየወረዳው ጽሕፈት ቤት መሰማት ጀምረዋል። ከእነዚህ ቃላት በስተጀርባ ያለው ተስፋ አንድ ነው፤ ተፈጥሮን መጠበቅ ገንዘብ ካስገኘ ሁሉም ይጠብቃል፤ ሁሉም ከጠበቀ ደግሞ የአየር ንብረት ቀውስ መፍትሔ ያገኛል የሚል ነው። ሐሳቡ ጆሮ ይስባል። ነገር ግን ውል የሚፈርመው ኃላፊም፣ መሬቱን የሚሰጠው አርሶ አደርም ከመወሰናቸው በፊት ይህ ተስፋ እስከ የት እንደሚያደርስ ማወቅ አለባቸው። ለዚህ ከሀገራችን ሁለት ቦታዎች ትምህርት ይሰጣሉ። አንዱ ፋግታ ለኮማ ነው። ሁለተኛው በወላይታ የሚገኘው የሁምቦ ተራራ ነው።

ዲከረንስ ያሳየው

የአዊ ደጋ ዝናብ አያጣም። ለረጅም ዘመን የወረደው ብዙ ዝናብ ግን ለሰብል የሚጠቅሙ ማዕድናትን ከአፈሩ አጥቦ ወስዷል። በዚህም ምክንያት መሬቱ አሲዳማ ሆነ። አሲዳማ መሬት ላይ ማዳበሪያ ቢጨመር እንኳ ገብሱም ስንዴውም እንደሚገባው አይሰጥም። መድኃኒቱ ኖራ ነው፤ ነገር ግን ለአንድ ሄክታር በአሥር ኩንታሎች የሚቆጠር ኖራ ያስፈልጋል። ይህን ገዝቶ፣ አጓጉዞና በትኖ መጠቀም ለብዙ አባወራ ከአቅም በላይ ነው። በሀገራችን ከሚታረሰው መሬት ከ40 በመቶ በላይ የሚሆነው በአሲዳማነት እንደተጎዳ ስለሚገመት ችግሩ የአንድ ዞን ብቻ አይደለም።

ዲከረንስ በዚህ መሬት ላይ ይበቅላል። እንደ ባቄላና እንደ አተር በሥሩ አማካይነት ናይትሮጂን ከአየር ወደ አፈር ያስገባል። ቅጠሉም ረግፎ አፈሩን ያለብሳል። አርሶ አደሮቹ አጠቃቀሙን ከእርሻቸው ጋር አስማምተውታል። በመጀመሪያው ክረምት ችግኙን ከጤፍ ጋር በአንድ ማሳ ይተክላሉ፤ ስለዚህ የዚያ ዓመት እህል አይቀርባቸውም። በሁለተኛው ዓመት ከዛፉ ሥር የሚበቅለውን ሣር ለከብት ያጭዳሉ። በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ዓመት ዛፉን ቆርጠው ያከስላሉ። ከዚያም መሬቱን አርሰው እንደገና ጤፍና ችግኝ ያስገቡበታል።

ውጤቱ በዓይን የሚታይ ነበር። ምርት የነፈገ መሬት ገንዘብ ሰጠ። ችግኝ የሚያፈላ፣ እንጨት የሚቆርጥ፣ የሚያከስል፣ የሚጭን ወጣት ሥራ አገኘ። የተራቆተ ተዳፋት ለበሰ። ከተማ የሚፈልገው ከሰል ከተተከለ ዛፍ በመገኘቱም በተፈጥሮ ደን ላይ የነበረው ጫና ቀለለ። ስለ ትርፍ መልካም ነገር መናገር የሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አያገኝም። ለዓመታት የአፈር ጥበቃ ሥልጠና ያላመጣውን ለውጥ የከሰል ዋጋ አመጣው።

ዋግ ሲገባ

ስንዴ የሚያመርት አርሶ አደር ዋግን ያውቃል። ዲከረንስንም የመታው የዋግ ወገን የሆነ ፈንገስ ነው። ተመራማሪዎች ኡሮሚክላዲየም አካሺዬ ብለው ይጠሩታል። በደቡብ አፍሪካ የዲከረንስ ዘመድ የሆነውን ጥቁር ዋትል ሲያጠቃ የታየው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ከዓመታት በኋላ በእኛም ሀገር በዲከረንስ ላይ ተገኘ። የፈንገሱ ዘር እንደ ዱቄት የደቀቀ በመሆኑ ነፋስ ከማሳ ማሳ ያደርሰዋል። ቅጠሉ ቡናማ ይሆናል፤ ችግኙ ይቀጭጫል፤ ጥቃቱ የበረታበት ዛፍ ለከሰል ሳይደርስ ይደርቃል።

በሽታው በፍጥነት የተዛመተበት ምክንያት የፈንገሱ ኃይል ብቻ አይደለም። ማሳው ሁሉ አንድ ዝርያ ስለነበረ ጭምር ነው። ከአንዱ አጥር እስከሚቀጥለው አጥር ያለው ዲከረንስ ነው፤ ከወንዝ ማዶም ያለው ዲከረንስ ነው። ነፋሱ የያዘውን የሚያራግፍበት እንጂ የሚያግደው ነገር አላገኘም።

እዚህ ላይ ቆም ብሎ ማሰብ ይገባል። እያንዳንዱ አርሶ አደር ለብቻው ሲያሰላ ትክክል ነበር። በአሲዳማ መሬት ላይ ከገብስ ይልቅ ዲከረንስ ያተርፋል። ሞኝነትም ስግብግብነትም አልነበረም። የሁሉም ትክክለኛ ውሳኔ ሲደመር ግን ወረዳውን በአንድ ዛፍ ላይ አቆመው። ገበያ ለእያንዳንዱ ሰው ዋጋ ይነግረዋል። ድምሩ ምን እንደሚያስከትል ግን ለማንም አይናገርም። ድምሩን ማየት የነበረበት አካል ሌላ ነው፤ እርሱም የወረዳው ግብርና፣ የምርምር ተቋማትና የቀበሌው ነዋሪ ራሱ ነው።

ከአየር ንብረት አንጻርም ሒሳቡ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ዛፍ ሲያድግ ከአየር የሳበውን ካርቦን በግንዱ ያከማቻል። ሲከስልና ሲቃጠል ያንኑ መልሶ ይለቅቃል። በተለመደው የአፈር ክምር አንድ ኪሎ ከሰል ለማግኘት ከአምስት እስከ አሥር ኪሎ ደረቅ እንጨት ይፈጃል። ቀሪው በጭስ መልክ ይሄዳል። በተቆረጠው ምትክ ሌላ እስከተተከለ ድረስ ዑደቱ ራሱን ይተካል። ዋግ ገብቶ አርሶ አደሩ ዛፉን ነቅሎ ወደ ሌላ ሲዞር ግን ዑደቱ ይቋረጣል። እንግዲህ ይህ ማሳ «ለሠላሳ ዓመት ካርቦን ይይዛል» ተብሎ ለውጭ ገዥ ተሽጦ ቢሆን ኖሮ ዕዳው የማን ይሆን ነበር? ገዥው በገዛው ወረቀት ልክ ጭሱን ለቅቆ ጨርሷል። ዛፉ ግን የለም።

የሁምቦ ተራራ

ሁለተኛው ምሳሌ ከካርቦን ሽያጭ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። በወላይታ የሁምቦ ተራራ ለማገዶና ለከሰል ሲመነጠር ኖሮ ተራቁቶ ነበር። ዝናብ ሲጥል ጎርፉ አፈርና ድንጋይ ይዞ ከታች ወዳለው ማሳ ይወርዳል። ዝናብ ሲጠፋ ደግሞ ምንጩ ይነጥፋል። እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ በወርልድ ቪዥን ድጋፍ 2 ሺህ 728 ሄክታር የሚሆነው የተራራው መሬት ከልቅ ግጦሽና ከምንጣሮ ተከለለ።

ሥራው በአብዛኛው ችግኝ መትከል አልነበረም። በመሬት ውስጥ የቀረው ጉቶና ሥር ሕይወት ስለነበረው ከጉቶው ከሚያቆጠቁጠው መሀል ጠንካራውን መርጦ ማስቀረት፣ ሌላውን መግረዝና መጠበቅ ነበር። በዚህ መንገድ ሀገር በቀል ዛፎች ተመለሱ። ነዋሪዎቹ በሰባት ኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጁ፤ በደኑ የመጠቀም መብታቸውም በሕግ ታወቀላቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሮጀክቱ በተባበሩት መንግሥታት የንጹሕ ልማት ማዕቀፍ ተመዘገበ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይይዛል ተብሎ የተሰላ ሲሆን ከዚህ ውስጥ 165 ሺህ ቶኑን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ተዋዋለ።

ከዚህ ሽያጭ በአሥር ዓመት ውስጥ የታሰበው ገቢ ከ700 ሺህ ዶላር በላይ ነበር። ገንዘቡ በአንድ ላይ ሲጠራ ትልቅ ይመስላል። ለሄክታር ሲካፈል ግን በዓመት 25 ዶላር ገደማ ነው። ይህም ለሰባቱ ማኅበራት አባላት በሙሉ የሚዳረስ ነው። ለአንድ አባወራ ቢከፋፈል ብዙም አይታይም ነበር። ማኅበራቱ ለእህል ወፍጮና ለእህል ማከማቻ ዓይነት የጋራ ሥራ ሲያውሉት ግን ጠቀመ። ከገንዘቡ ይልቅ የሁምቦ ሰው የሚያገኘው ትልቅ ጥቅም ሌላ ነው፤ ሣር አጭዶ ይወስዳል፣ ከግርዛት ማገዶ ያገኛል፣ ጎርፍ ቀንሷል፣ ምንጮች ተሻሽለዋል።

የሁምቦን ቅደም ተከተልም ልብ ማለት ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ወጪ የተሸፈነው በእርዳታ ገንዘብና በነዋሪው ጉልበት ነው። ከዚያ መብት ተረጋገጠ፤ ከዚያ ማኅበር ተቋቋመ። የካርቦን ክፍያው የመጣው በመጨረሻ ነው። ትርፍ ሁምቦን አላለማውም። የለማውን ሁምቦ አግኝቶ አገዘው።

ዋጋ ሲወድቅ

የካርቦን ገበያ እንደማንኛውም ገበያ ይወጣል፤ ይወርዳል። በንጹሕ ልማት ማዕቀፍ የሚሸጠው የአንድ ቶን ዋጋ እ.ኤ.አ. በ2008 ከ20 ዩሮ በላይ ደርሶ ነበር። በ2012 መጨረሻ ከአንድ ዩሮ በታች ወረደ። በዚያ ጊዜ የአፍሪካ ዛፍ ማደጉን አላቆመም፤ የገበሬው ድካምም አልቀነሰም። የቀነሰው የአውሮፓ ፋብሪካዎች የመግዛት ፍላጎት ነው። ሁምቦ ቀድሞ በውል የታሰረ ገዥ ስለነበረው ተረፈ። ውል ያልነበራቸው ግን የሠሩበት ዋጋ በእጃቸው ላይ ጠፋ።

ገንዘብ ቀላሉን መንገድ መምረጡም ሌላው ችግር ነው። በዚያው ማዕቀፍ ከፍተኛ ገንዘብ የወሰዱት ዛፍ የተከሉ ገበሬዎች አይደሉም። ለማቀዝቀዣ የሚሆን ጋዝ የሚያመርቱ በቻይናና በሕንድ የነበሩ ጥቂት ፋብሪካዎች ናቸው። ከምርታቸው ጋር የሚወጣውን እጅግ ኃይለኛ ሙቀት አማቂ ጋዝ ስላቃጠሉ ብቻ ብዙ ሚሊዮን ቶን ሸጡ። ለማቃጠል የሚከፈለው ገንዘብ ከማቃጠያው ወጪ በብዙ ስለሚበልጥ ጋዙን ማምረት ራሱ ትርፍ ሆነ። የአውሮፓ ኅብረት ከ2013 ጀምሮ ይህን ዓይነቱን ሽያጭ ከለከለ። በማገዶ ቆጣቢ ምድጃ ስም የሚሸጠውም ካርቦን ቢሆን ነቀፋ ቀርቦበታል። እ.ኤ.አ. በ2024 የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ተመራማሪዎች ያወጡት ጥናት በመረመሯቸው ፕሮጀክቶች የተሸጠው ቅነሳ በአማካይ ከእውነተኛው ዘጠኝ እጥፍ ገደማ እንደነበር አሳይቷል። ምድጃው ጠቃሚ ነው፤ የእናቶችንም ዓይን ከጭስ ያድናል። የተጋነነው ወረቀቱ ነው።

ከሁሉ በላይ መጠኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ዓለም በዓመት ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ የሚለቅቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 37 ቢሊዮን ቶን ገደማ ነው። የሁምቦ ተራራ በሠላሳ ዓመት ይይዘዋል የተባለውን 880 ሺህ ቶን ዓለም በአሥራ ሦስት ደቂቃ ውስጥ ይለቅቀዋል። ገዥው የገዛውን ቶን የራሱን ጭስ ለማካካስ ከተጠቀመበት ደግሞ ከአየሩ ላይ የቀነሰ ነገር የለም። አንዱ ጋ የተያዘው ሌላው ጋ ተለቅቋል። እንግዲህ ቀውሱን የሚፈታው ነዳጅ አቃጣዮቹ ማቃጠላቸውን ሲቀንሱ ነው። የእኛ ገበሬ ዛፍ የእነሱን ጭስ ተሸክሞ አይዘልቅም።

ገበያ የማይገዛው ሥራ

ይህ ማለት ግን የእኛ ሥራ ከንቱ ነው ማለት አይደለም። ሀገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ባወጣችው የአረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ በ2030 በዓመት 400 ሚሊዮን ቶን ይደርስ የነበረውን ልቀት ወደ 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ ለመገደብ አቅዳለች። ከቅነሳው ግማሽ ያህሉ የሚጠበቀው ከደን ነው። ለአርሶ አደሩ ግን የመጀመሪያው ምክንያት ከዚህም የቀረበ ነው። ዝናብ ሲዘገይ ምንጭ እንዳይነጥፍ፣ ዝናብ ሲበረታ ማሳ ታጥቦ እንዳይሄድ፣ ሣር ሲጠፋ ከብት እንዳይሸጥ ነው። ይህን ጥቅም ውጭ ሀገር ያለ ገዥ አይከፍልበትም፤ ቤተሰቡ ግን ይኖርበታል።

ችግሩ ከዚህ ሥራ ውስጥ ብዙው የማይሸጥ መሆኑ ነው። በሦስት ቀበሌዎች መካከል የሚሰፋን ቦረቦር ማን ይገዛል? ሃያ ዓመት የሚፈልግ ኮሶ፣ ወይራና ዝግባ በአምስት ዓመት ከሚደርስ ዲከረንስ ጋር እንዴት ይወዳደራል? ከላይ ያለው አርሶ አደር የሠራው እርከን የሚጠቅመው ከታች ያለውን ከሆነ ክፍያውን ማን ይቆርጥለታል? በጥርና በየካቲት ሕዝቡ ወጥቶ የሚሠራው የተፋሰስ ሥራ መልስ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። ገበያ ሃምሳውን ሎሚ ለአንድ ሰው ያሸክማል፤ ወይም ማንም ሳያነሳው መንገድ ላይ ይተወዋል።

ከመፈረም በፊት

ስለዚህ የወረዳ ኃላፊዎችና አርሶ አደሮች ትርፍን ማባረር ሳይሆን መስመር ማስያዝ ይጠበቅባቸዋል። ከሁለቱ ቦታዎች የሚገኘው ትምህርት በሥራ ሲተረጎም የሚከተለውን ይመስላል።

አንደኛ፣ ያተረፈ ዛፍ ሁሉንም ማሳ እንዳይውጥ ማድረግ ነው። በአንድ ንዑስ ተፋሰስ ውስጥ ቢያንስ ሦስትና አራት ዝርያ፣ በተለያየ ዕድሜ ቢኖር ዋግ አንዱን ሲመታ ሌላው ይቆማል። በአዊ ደጋ ቀርከሃ አለ፤ ኮሶና ብሳና አሉ። የወረዳው ችግኝ ጣቢያ የሚያፈላው ገበያ የሚጠይቀውን ብቻ ከሆነ አደጋውን ራሱ እያፈላ ነው።

ሁለተኛ፣ በሽታ ሲታይ ቶሎ ማሳወቅ ነው። ቅጠሉ ቡናማ የሆነበትን ዛፍ ያየ አርሶ አደር በዚያው ሳምንት ለልማት ጣቢያ ሠራተኛው ይንገር። ከታመመ ማሳ ችግኝ ወደ ሌላ ቀበሌ አይጓዝ።

ሦስተኛ፣ የካርቦን ውል ሲቀርብ ስድስት ጥያቄ ሳይመለስ አለመፈረም ነው። ውሉ ለስንት ዓመት ነው? የአንድ ቶን ዋጋ ስንት ነው፤ የዓለም ዋጋ ቢወርድስ ይወርዳል? ቆጠራውንና ማረጋገጫውን ማን ይከፍላል? ከገቢው ለነዋሪው የሚደርሰው ስንት እጅ ነው? እሳት ወይም በሽታ ዛፉን ቢያጠፋ ዕዳው የማን ነው? ግጦሽ፣ ሣርና ማገዶ ይከለከላል ወይስ ይፈቀዳል? መልሱ በጽሑፍና ነዋሪው በሚሰማው ቋንቋ መሆን አለበት።

አራተኛ፣ ከሁሉ በፊት መብትን ማስመዝገብ ነው። የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 የግል፣ የማኅበረሰብ፣ የማኅበርና የመንግሥት ደንን ለይቶ ያውቃል። የወል መሬት ደን የማኅበረሰቡ መሆኑ በሰነድ ሳይረጋገጥ የሚመጣ ገንዘብ ጠብ ይዞ ይመጣል። በወል መሬት ላይ ከብት ያሰማራ የነበረ ድሃ ከዝርዝሩ እንዳይወጣም መጠንቀቅ ይገባል።

አምስተኛ፣ ለማይሸጠው ሥራ በጀት መመደብ ነው። ከዛፍና ከከሰል ሽያጭ ወረዳው ከሚሰበስበው ገቢ የተወሰነው ለቦረቦር፣ ለምንጭ ዳርና ለሀገር በቀል ችግኝ ተለይቶ ቢቀመጥ ትርፉ የተወውን ቀዳዳ ትርፉ ራሱ ይደፍናል። የማኅበራት ሒሳብም በየስድስት ወሩ በስብሰባ ፊት ይነበብ። ያልተነበበ ሒሳብ ከዋግ ይልቅ ደንን ያጠፋል።

አርሶ አደር ለዚህ ጉዳይ ከማንም የተሻለ ምሳሌ በእጁ አለ። በሬ ባይኖር እርሻ አይታሰብም፤ ቀንበሩን የሚስበው እርሱ ነው። ነገር ግን በሬን ያለ አራሽ ማሳ ውስጥ የሚለቅ የለም። ወደሚቀናው ይሄዳል፤ ያገኘውንም ይበላል። ትርፍም እንዲሁ ነው። በፋግታ ለኮማ ኃይሉን አይተናል፤ እርፉን የሚይዝ ሲጠፋ የሚሆነውንም አይተናል። በሁምቦ ደግሞ እርፉን ነዋሪው ስለያዘው ትንሽ ገንዘብም ቢሆን ተራራ ሲያለብስ አይተናል። ቀጣዩ ክረምት ሳይገባ፣ የችግኝ ዕቅድ ሲወጣና የውል ወረቀት ሲቀርብ በየቀበሌው መጠየቅ ያለበት ጥያቄ «ያተርፋል ወይ?» የሚለው ብቻ አይደለም። «ማን እየነዳው ነው?» የሚለውም ነው።